ተከላካዩ ምን ይወስናል? የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ የማጥቃትና የመመከት ሕግ አነዳደፍ

የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ እያንዳንዳቸው የአንድን ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው፣ በቃልና በዳይስ የሚያካሂዱት ጨዋታ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ዓለሙን ይገልጻል፣ ጠላቶቹንም ያንቀሳቅሳል። የቀሩት ገጸ ባሕርያቸው ምን እንደሚያደርግ ይናገራሉ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ዳይስ ይጣላል። የዚህ ዘርፍ የመጀመሪያው የታተመ ሥራ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። ሥሩ ግን ከዚያ ይርቃል፤ የፕሩሲያ ጦር መኮንን የነበረው ፎን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1824 ለመኮንኖች ማሠልጠኛ ካሳተመው የጦርነት ጨዋታ የሚወርድ ነው። የዘርፉ መጻሕፍት ሰፊ ገጻቸውን ለውጊያ ሕግ የሚሰጡት በዚህ ትውልዳቸው ምክንያት ነው።

የውጊያ ሕግ ነዳፊ ዘወትር ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ ምቱ አረፈ ወይስ ሳተ? ካረፈስ ምን ያህል ጎዳ? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ይኸውም ምቱ ወደ እርሱ የሚመጣበት ተጫዋች በዚያ ቅጽበት ምን ይወስናል የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የመከላከል ሕግ ጥራት ከጥሩሩ ቁጥር ይልቅ ለተከላካዩ በሚተወው ውሳኔ ይለካል የሚል ነው። ለክርክሩ ማስረጃ የሚሆን ነገር ደግሞ በአገር ውስጥ አለ፤ አሮጌው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥና የጋሻ፣ የጦርና የሾተል አያያዝ።

ጥያቄው ለአዲስ አበባ ነዳፊ ምን ያህል ተግባራዊ እንደሆነ ለማየት ቦሌንና ከቦሌ በስተምሥራቅ ያሉትን ሰፈሮች መውሰድ ይበቃል። አራት ጓደኛሞችና አንድ ተራኪ ከሥራ በኋላ በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በአንድ ካፌ ተገናኙ እንበል። አንዱ ወደ ገርጂ፣ ሌላው ወደ ሰሚት፣ ሦስተኛው ወደ አያት ይመለሳል፤ ታክሲ ሳይጠፋ መነሳት አለባቸውና ያላቸው ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ጠረጴዛው ክብና ጠባብ ነው፤ የማኪያቶ ስኒዎች ከተቀመጡበት የሚተርፈው ቦታ አንድ ደብተር ቢይዝ ነው። በውጭ መጻሕፍት የሚታዘዘው ባለ አራት ማዕዘን ካርታ አይዘረጋበትም። ባለ 20 ገጹን ዳይስ በሰፈር ሱቅ ማግኘት አዳጋች ሲሆን፣ ባለ 6 ገጹ ግን ከማንኛውም የሉዶ ሳጥን ይወጣል።

አሁን ጊዜውን እናስላ። እያንዳንዱ ተጫዋች ተራው ሲደርስ 2 ደቂቃ፣ ተራኪው ለአራት ጠላቶች በድምሩ 4 ደቂቃ ቢወስዱ አንድ ዙር 12 ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ተጫዋች ከ12ቱ ደቂቃ የሚጫወተው 2ቱን ብቻ ነው። ጓደኞቹ በሚጫወቱባቸው 6 ደቂቃዎች ቢያንስ ሊመክርና ሊያደንቅ ይችላል። ጠላቶቹ በሚያጠቁባቸው 4 ደቂቃዎች ግን ጦሩ የሚወረወረው ወደ ራሱ ሆኖ ሳለ ሥራው «የመከላከያ ቁጥሬ 15 ነው» ብሎ መመለስ ብቻ ከሆነ፣ ሕጉ በጨዋታው አስፈሪ ቅጽበት ተመልካች አድርጎታል ማለት ነው። በፕሌይስቴሽን ቤት ኳስ ሲጫወት ያደገ ወጣት ተከላካዩን በጣቱ ማንቀሳቀስ የለመደ ነው፤ እንዲህ ያለውን ዝምታ ብዙ አይታገሥም።

የተለመዱት ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ መከላከያን ወደ አንድ ቋሚ ቁጥር የሚጠቀልል ነው። አጥቂው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጥላል፣ የችሎታ ጭማሪውን ይደምራል፣ ድምሩ ከተከላካዩ የጥሩር ደረጃ ከደረሰ ወይም ከበለጠ ይመታል። ጭማሪው 5፣ ደረጃው 15 ቢሆን ዳይሱ 10 ወይም ከዚያ በላይ ማሳየት አለበት፤ ዕድሉ ከ20 አሥራ አንድ፣ ማለትም 55 በመቶ ነው። እያንዳንዱ የአንድ ነጥብ ለውጥ ዕድሉን በ5 በመቶ ነጥብ ያንቀሳቅሳል። (በመጀመሪያዎቹ እትሞች ቁጥሩ ባነሰ መጠን መከላከያው ይበረታ ነበር፤ አቅጣጫው የተገለበጠው እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው 3ኛ እትም ነው፤ መደመር ከመቀነስ እንደሚቀል ለመቀበል ሩብ ምዕት ዓመት ፈጅቷል።) መንገዱ ፈጣን ነው፤ ተከላካዩ ግን ምንም አይወስንም። የወሰነው ቀድሞ፣ ጥሩሩን በገዛበት ዕለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ለተከላካዩ የራሱን ዳይስ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው «ሩንክዌስት» የዚህ ወገን አብነት ነው፤ አጥቂው በመቶኛ የተቀመጠ የማጥቃት ችሎታውን፣ ተከላካዩ ደግሞ የመመከት ችሎታውን ይፈትናል። ፍትሐዊ ይመስላል። ሒሳቡ ግን ወጥመድ አለው። ሁለት ጀማሪዎች ቢገጥሙና የማጥቃት ችሎታቸው 60፣ የመመከት ችሎታቸው 50 በመቶ ቢሆን ከአንድ ምት ጉዳት የመድረስ ዕድሉ 30 በመቶ ነው። ሁለቱ ጀማሪዎች አድገው በሁለቱም ችሎታ 90 በመቶ ሲደርሱ ዕድሉ ወደ 9 በመቶ ይወርዳል፤ አንድ ቁስል ለማድረስ በአማካይ 11 ምት ያስፈልጋል። ተዋጊ የሚወድቀው በሦስት ቁስል ከሆነ 33 ምት ይጠበቃል። እያንዳንዱ ምት ከነምከታው ግማሽ ደቂቃ ቢወስድ 16 ደቂቃ ተኩል ነው፤ የሌላውን ተዋጊ ምቶች ሳንቆጥር። ጀግኖቹ በበረቱ ቁጥር ውጊያው ይፈዛል። ተከላካዩም ዳይስ ይጣል እንጂ ውሳኔ የለውም፤ ምንጊዜም ይመክታል፣ ላለመመከት ምክንያት አይኖረውምና።

ሦስተኛው መንገድ ምቱ እንዲያርፍ ፈቅዶ ጉዳቱን ይቀንሳል። አንድ መሣሪያ በባለ 6 ገጽ ዳይስ ጉዳት ያደርሳል፣ ጋሻው 3 ነጥብ ይውጣል እንበል። ያለ ጋሻ አማካይ ጉዳቱ 3.5 ነበር፤ በጋሻ ወደ 1 ይወርዳል፣ ከምቶቹም ግማሾቹ ከንቱ ይቀራሉ። አሁን መሣሪያው 2 ነጥብ ቢጨመርለት ያለ ጋሻ አማካዩ ከ3.5 ወደ 5.5 ይሄዳል፤ በጋሻ ላይ ግን ከ1 ወደ 2.5 ይዘልላል፣ ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሕግ ደካማ መሣሪያን ፈጽሞ ይገድላል፤ ብርቱውን ከልክ በላይ ያጎላል። በዚህ ሕግ የሚጫወት ቡድን ሁሉም ተመሳሳይ ከባድ መሣሪያ ይዞ ቢገኝ ጥፋቱ የተጫዋቾቹ አይደለም።

ወረራ፦ ተራ የሌለበት መግቢያ

ከተራ ቅደም ተከተል አንጻር የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ያለው መፍትሔ በዓለም የቼዝ ቤተሰብ ውስጥ እንግዳ ነው። ሔንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ ማየቱን ጽፏል፤ ዋልተር ፕላውደን ሕጉን ዘርዝሯል፤ ኤች. ጄ. አር. መሪ እ.ኤ.አ. በ1913 በታተመው የቼዝ ታሪክ መጽሐፉ ቦታ ሰጥቶታል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በሚያሳትመው መጽሔት ታሪኩንና ሕጉን በሰፊው አቅርበዋል። እቴጌ ጣይቱም በሰንጠረዥ ችሎታቸው ይነሳሉ።

ጠጠሮቹ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይባላሉ። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘልላል፤ ደር እንደ ዛሬው ቼዝ ግንብ ቀጥ ብሎ ይጓዛል። ልዩ የሚያደርገው ግን አጀማመሩ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የዚህ ክፍል ስም ወረራ ነው። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል፤ ያንቀሳቀሰውን መልሶ ሌላ ይተካል። አንድ ጠጠር በተበላ ቅጽበት ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በተራ ይኬዳል።

ነዳፊ ከዚህ የሚማረው ነገር አለ። የሚና ጨዋታ መጻሕፍት ውጊያን የሚጀምሩት ዳይስ ጥሎ የተራ ዝርዝር በመጻፍ ነው፤ አስፈሪ የሆነው የመፋጠጥ ጊዜ በጸሐፊነት ያልፋል። በወረራ ግን መከላከል የሚጀምረው ከመጀመሪያው ምት አስቀድሞ ነው። ማን ከማን ፊት ይቆማል፣ ማን ወደ ኋላ ይቀራል የሚለው ሁሉ ተጫዋቹ በዓይኑ እያየ የሚወስነው ነው። ለወረራው የጊዜ ገደብ መወሰን አያስፈልግም፤ ተቃራኒው በፈለገው ቅጽበት ሊመታ መቻሉ ራሱ ገደብ ነው። ቦታዬን እያስተካከልኩ ልቆይ ያለ ሰው ሳይዘጋጅ ይመታል።

የሰንጠረዥ አጨራረስም ሊጠቀስ ይገባል። ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይማረክም፤ በደር ወይም በፈረስ ማሸነፍ እንደ ተራ ነገር ሲታይ በትንንሾቹ ጠጠሮች፣ በተለይ በመደቅ ማሸነፍ ይከበራል። ስለዚህ ብርቱው ተጫዋች ጠላቱን ፈጥኖ ለማራቆት አይቸኩልም። የድል ዓይነት በሕጉ ውስጥ ስለገባ ማጥቃትም ልክ አገኘ።

ጋሻ፣ ሾተል፣ ጋሻ ጃግሬ

የጦር መሣሪያ በሚና ጨዋታ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የጉዳት ቁጥር ብቻ ነው። በታሪክ ግን እያንዳንዱ መሣሪያ ለሌላው መሣሪያ መልስ ነበር። ከጎሽ፣ ከአውራሪስ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የሚሠራው ክብ ጋሻ የጦርን ውርወራና የጎራዴን ምት ይመክታል። ሾተል ደግሞ እንደ ማጭድ የቆለመመ በመሆኑ ጋሻውን ዞሮ ከኋላው ያለውን ሰው ለመድረስ ያመቻል። ሾተልን ከጎራዴ አንድ ነጥብ የሚበልጥ ጉዳት ያለው ስለት አድርጎ መጻፍ ታሪኩን ማበላሸት ነው፤ ሾተል የሚለየው ጉዳቱ ስለበዛ ሳይሆን ምከታን ስለሚያከሽፍ ነው።

ጋሻ ጃግሬም እንዲሁ። የጌታውን ጋሻና መሣሪያ ተሸክሞ በእግሩ የሚከተለው ይህ ሰው ለጨዋታ ነዳፊ ውድ ሐሳብ ነው፤ መከላከያ በራስ ላይ ብቻ የሚውል ንብረት ሳይሆን ለሌላ የሚሰጥ ነገር መሆኑን ያሳያልና። ስለ ሰልፍም የማዕረግ ስሞቻችን ራሳቸው ይናገራሉ፤ ፊታውራሪ የፊቱ፣ ቀኝአዝማች የቀኙ፣ ግራአዝማች የግራው አዝማች ነው፤ ከኋላ ደጀን አለ። አራቱ ስፍራዎች በማንኛውም ደብተር ላይ በመስቀለኛ መስመር ይሳላሉ፤ የካፌው ጠረጴዛ ጥበት እዚህ ላይ ችግር መሆኑ ይቀራል።

በቆርኪ የሚመከት ሕግ

ከላይ ከተነሱት ነጥቦች የሚከተለው ሕግ ይወጣል። አጥቂው ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ ድምሩ 7 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ምቱ ያርፋል። እያንዳንዱ ተዋጊ ለምከታው ቆርኪዎች አሉት፤ ጋሻ የያዘ ሦስት፣ ያልያዘ ሁለት። ቆርኪ መመረጡ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአዲስ አበባ በየታክሲ ተራውና በየኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር ዳማ የሚጫወትበት ጠጠር እርሱ ነው፣ በማንኛውም ካፌም ይገኛል። ተከላካዩ ጥቃቱ በተነገረ ጊዜ፣ ዳይሱ ከመጣሉ በፊት፣ የፈለገውን ያህል ቆርኪ ወደ መሃል ይገፋል፤ እያንዳንዱ ቆርኪ የሚፈለገውን ድምር በ2 ያሳድጋል። የተገፋ ቆርኪ ጠፍቷል።

የሁለት ዳይስ ድምር 36 ውጤቶች አሉት። 7 እና ከዚያ በላይ የሚሰጡት 21 ናቸው፣ 58.3 በመቶ። አንድ ቆርኪ ሲገፋ የሚፈለገው 9 ይሆናል፤ ከ36ቱ 10፣ 27.8 በመቶ። ሁለት ሲገፋ 11፤ ከ36ቱ 3፣ 8.3 በመቶ። ሦስት ቢገፋ 13 ስለሚሆን ምቱ ፈጽሞ አያርፍም። የመጀመሪያው ቆርኪ ከ30 በመቶ ነጥብ በላይ ይገዛል፣ ሁለተኛው ከ20 በታች፣ ሦስተኛው ከ9 በታች። ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ይህ ዋጋ ነው ውሳኔውን ውሳኔ የሚያደርገው። ባለ 20 ገጹ ዳይስ እያንዳንዱን ነጥብ በእኩል ዋጋ ስለሚሸጥ ይህን አያስገኝም።

ጋሻ የያዘ አንድ ተዋጊ በአንድ ዙር ሦስት ጠላቶች ገጠሙት እንበል። ሦስቱ እኩል ቢሆኑ ቆርኪዎቹን አንድ አንድ ማከፋፈል ይሻለዋል፤ የሚጠበቀው ቁስል 30/36፣ ማለትም 0.83 ነው። ሁለቱን ለአንዱ፣ አንዱን ለሌላው ቢሰጥ 34/36፣ 0.94 ይሆናል። ምርጫው ግልጽ ነው፤ ግልጽ የሆነ ምርጫ ደግሞ ውሳኔ አይባልም። ነገር ግን ከሦስቱ አንዱ በአንድ ምት ሁለት ቁስል የሚያደርስ ብርቱ ቢሆን ስሌቱ ይገለበጣል። አንድ አንድ ማከፋፈል 40/36፣ 1.11 ቁስል ያስከፍላል፤ ሁለቱን ለብርቱው፣ አንዱን ለአንደኛው ደካማ ሰጥቶ ሌላውን በባዶ መቀበል 37/36፣ 1.03፤ ሦስቱንም ለብርቱው መስጠት 42/36፣ 1.17። ምንም ሳይገፋ ቢቆም ኖሮ 2.33 ይሆን ነበር። ሦስቱ መንገዶች እጅግ ተቀራራቢ ናቸው፤ ስለዚህ ተጫዋቹን የሚያስወስነው ስሌት ብቻ አይሆንም፤ ምን ያህል ቁስል እንደቀረው፣ ተራኪው ብርቱውን በስንተኛነት እንደሚያመጣው፣ ለቀጣዩ ዙር ምን ማስተረፍ እንዳለበት ጭምር ይመዝናል። ቀደም ሲል ዝምታ የነበሩት 4 ደቂቃዎች የእርሱ ሆኑ።

የመፍዘዝ ወጥመዱስ? ቆርኪ ስለሚያልቅ ምከታ ዘላቂ አይሆንም። አራት ቆርኪ ያላቸው ሁለት ጀግኖች ቢገጥሙ፣ እያንዳንዱ በየምቱ አንድ እየገፋ፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ምቶች የሚጠበቀው ቁስል 1.11 ነው፤ ከላይ በታየው የመቶኛ ሕግ በአራት ምት የሚጠበቀው 0.36 ነበር። በአምስተኛው ምት ቆርኪ የለም፣ ዕድሉ ወደ 58.3 በመቶ ይመለሳል። ችሎታ ውጊያውን ያራዝማል እንጂ አያስቆመውም። ቆርኪ የሚመለሰው ተዋጊው በዚያ ዙር ማጥቃቱን ትቶ ወደ ደጀን ሲያፈገፍግ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉንም ያነሳል። የለቀቀው ስፍራ ግን ባዶ ይቀራል፣ በፊት የቆመው ጓደኛው ያንን ዙር ከወትሮው በዛ ያሉ ምቶች ይቀበላል። መሸሽ በብዙ ጨዋታዎች ሽንፈት ነው፤ እዚህ የሌላ ሰው ዋጋ ያለበት መላ ሆነ።

በሾተል ለተሰነዘረ ምት እያንዳንዱ ቆርኪ የሚያሳድገው በ2 ሳይሆን በ1 ነው። አንድ ቆርኪ የገፋ ተከላካይ በጎራዴ 27.8 በመቶ፣ በሾተል ግን 41.7 በመቶ የመመታት ዕድል አለው። ጉዳቱ አልተነካም። ሚዛኑን ለመጠበቅ ሾተል ያዥ ጋሻ ቢይዝም ቆርኪው ሁለት ይሁን፤ የቆለመመ ስለት ለመመከት አይመችምና። ጋሻ ጃግሬ የሆነ ገጸ ባሕርይ ደግሞ በአንድ ስፍራ አብሮት ለቆመ ሰው የራሱን ቆርኪ መግፋት ይችላል። በአብዛኞቹ ጨዋታዎች ረዳት ተዋጊ አሰልቺ ሚና ነው፤ በዚህ ሕግ ግን በየምቱ የሚፈለግ ሰው ይሆናል።

ፉከራና ሽለላ ለብቻቸው ሰፊ ጉዳይ ናቸው። ባጭሩ፣ ከውጊያው በፊት በወረራው ጊዜ «እገሌን እጥላለሁ» ብሎ የፎከረ ተዋጊ አንድ ቆርኪ አስቀድሞ ይቀበላል፤ ያለውን ካልፈጸመ በሚቀጥለው ውጊያ አንድ ጎድሎት ይገባል። ተጫዋቹ ፉከራውን በቃሉ እንዲያሰማ ማስገደድ ግን ጥሩ አይደለም፤ በቦሌ ካፌ መሃል ተነስቶ ለመፎከር ሁሉም ድፍረት የለውም።

ሕጉ የሚፈተነው በጠመንጃ ነው። ጊዜው የአድዋ ዘመን፣ 1888 ዓ.ም. ከሆነ ጋሻና ጠመንጃ በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። የቆዳ ጋሻ ጥይት አይመክትም፤ ስለዚህ ለጥይት ቆርኪ አይገፋም ማለት ቀላሉ መልስ ነው። ይህ ግን ተከላካዩን ወደ ተመልካችነት ይመልሰዋል። የተሻለው ቆርኪውን ለጋሻ ሳይሆን ለስፍራ ማዋል ነው፤ ጠመንጃ የተነጣጠረበት ተዋጊ አንድ ቆርኪ ከፍሎ፣ ዳይሱ ሳይጣል፣ ከቆመበት ስፍራ ወደ አጠገቡ ይዛወራል፤ ተኩሱም እርሱ በለቀቀው ስፍራ በቀረው ሰው ላይ ይወድቃል። ማንም ካልቀረ ይስታል። ጠመንጃ ያዡ ለማጉረስ አንድ ዙር ስለሚወስድ፣ በዚያ ዙር ባለ ጋሻዎቹ እስከ ምን ያህል ሊጠጉ እንደሚችሉ የሚወስነው ቀድሞ በወረራው ጊዜ የተሰለፉበት ስፍራ ይሆናል።